የሚነድ ነገር ሁሉ መውጫ ያስፈልገዋል፦ ጎበሳ ላይ ያየሁት የጋዝ ሻወር

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ ብዙ ቤት ውስጥ እሳት አለ።

ባለፈው ሐምሌ ለለቅሶ ጎበሳ ሄጄ ነበር። የአርሲን ደጋ የምታውቁ ብርዱንም ታውቁታላችሁ። አሰላ ላይ ጃኬት ያስለበሰ ብርድ ጎበሳ ሲደርሱ ጋቢ ያስደርባል። ጉሙ ከጋለማ በኩል ሲወርድ ቀኑ ራሱ ማታ ይመስላል። ለቀስተኛው ብዙ ስለነበር ዘመድ ቤት አላስቸግርም ብዬ አንድ አዲስ ፔንሲዮን ውስጥ አልጋ ያዝኩ።

ቤቱ ቆንጆ ነው። ብሎኬት ግንብ፣ አሉሚኒየም መስኮት፣ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ የለበሰ የጋራ ሻወር። ባለቤቱ ስልሳ ያለፋቸው ትሁት ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሲያስገቡኝ በኩራት፣ "ዶክተር፣ እዚህ መብራት ቢጠፋም ሙቅ ውሃ አይጠፋም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሻወሩ ውስጥ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቧንቧውን ስትከፍቱት "ፍስስ" ብሎ ይለኮሳል፤ ወዲያው ሙቅ ውሃ።

ማታ ከለቅሶ ቤት ስመለስ ልታጠብ ገባሁ። ከእኔ በፊት በጎን ያለው ክፍል ያረፉ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ተራ በተራ ታጥበው ወጥተዋል። ክፍሉ ገና በእንፋሎት ሙሉ ነው። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቷን ብርድ ያስገባል ብዬ አልከፈትኳትም። አዎ፣ ሐኪሙ እኔ!

አሥር ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ ግንባሬን ጠፍንጎ የያዘ ራስ ምታት፤ ቀጥሎ ጉልበቴ ከዳኝ። "ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ ነው" አልኩ ለራሴ። ከዚያ ማቅለሽለሽ ሲጨመርበት ፎጣ አገልድሜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየር ስስብ ከጎን ክፍል የሕፃን ትውከት ድምፅ ሰማሁ።

አንኳኳሁ። እናትየዋ፣ "ምሳ የበላችው ነገር አልተስማማትም መሰለኝ" አለችኝ። አባትየው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ራሱን ይዟል። "እኔንም ብርድ መታኝ መሰለኝ" አለ። "አንቺስ?" አልኳት። "እኔንም ትንሽ ራሴን ያዞረኛል።"

ሦስት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ሕመም። እኔ ስጨመር አራት። ምግብ አልነበረም፤ እኔ የበላሁት ሌላ ቦታ ነው። ብርድም አልነበረም።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለችውን ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ ልጅቷ ላይ አደረግኳት፤ 97 አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ደህና ናት" የሚያሰኝ ቁጥር ነው። በዚህ መርዝ ግን መሣሪያዋ ትዋሻለች፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ባጃጅ ተጠርቶ ሁላችንም ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ሄድን። ልጅቷ ጭምብሉ ተደርጎላት ትንሽ ስትቆይ ዓይኗ መለስ አለ። ሌሊቱን እዚያው አሳለፍን። ተመስገን፣ ሁላችንም ተረፍን።

ጠዋት ተመልሼ ማሞቂያውን አየሁት። የጭስ ማውጫ ቱቦ አለው። ቱቦው ከማሞቂያው ተነስቶ ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱን በስቶ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም። ጣሪያውን አልበሳም፣ ውጭ አልወጣም። ጭሱ ኮርኒሱ ውስጥ ተጠራቅሞ መልሶ ሰው ላይ ይወርዳል።

ጋሼ ደነገጡ። ግን አልገባቸውም። "ዶክተር፣ ጋዝ አላፈሰሰም እኮ። ቢያፈስ አይሸትም ነበር?" አሉኝ። ይሄ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምናስበው እንደ እሳቸው ነው።

የሚሸተውና የማይሸተው

ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው ያልነደደ ጋዝ ከሲሊንደር ወይም ከጎማው ሲያፈስ ነው። ይሄ ይሸታል፤ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚገማ ቅመም ይጨመርበታል። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ክብሪት ሲያገኝ ይፈነዳል። ይሄን ሁላችንም እንፈራዋለን።

ሁለተኛው ጋዙ ከነደደ በኋላ የሚወጣው ነው። ጋዝም ሆነ ከሰል፣ እንጨትም ሆነ ቤንዚን በቂ አየር ካላገኘ በደንብ አይነድም። በደንብ ያልነደደ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይለቅቃል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም፣ ዓይን አያስለቅስም። ተኝታችሁ ከሆነ አይቀሰቅሳችሁም።

ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነገር ነው። እንደ ታክሲ አስቡት፤ ኦክስጅን ተሳፋሪው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ወንበሩን ይይዛል፣ ይዞም አይወርድም። ታክሲው ሙሉ ነው፣ ግን ትክክለኛው ተሳፋሪ የለም። አንጎልና ልብ እየተራቡ ይሄዳሉ። የተለመደው የጣት መለኪያ ደግሞ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደያዘው አይለይም። ለዚህ ነው 97 ያለችው።

ንጹሕ አየር ብቻ እየሳባችሁ ብትቆዩ የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። "ትንሽ ልተኛና ይሻለኛል" የማይባለው ለዚህ ነው።

ደጋ ላይ ነገሩ ይብሳል

አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ሊትር ፕሮፔን በደንብ እንዲነድ 24 ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ያውም በቆላው አየር። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ግን ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክለው የሚሠሩ ናቸው። ለዚህ ነው አምራቾች "ከፍታ ቦታ ላይ ሲገጠም የጋዙ መጠን ይስተካከል" ብለው የሚጽፉት። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ያቺን መመሪያ የሚያነባት ማነው? ቧንቧ ሠራተኛው ውሃውን አገናኝቶ፣ ጎማውን አጥብቆ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

የተራበ እሳት በቀለሙ ይታወቃል። ጤናማ የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው። ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ካደላ፣ ማሞቂያው ዙሪያ ጥላሸት ካለ፣ እሳቱ አየር አጥቷል ማለት ነው። መርዝ እያመረተ ነው። ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ቀድሞውንም ብዙ ትርፍ ኦክስጅን የለንም።

"እናቶቻችን በጭስ ኖረው ምን ሆኑ?"

ይሄን ኮሜንት እንደምትጽፉ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። በመጀመሪያ ብዙ ሆነዋል፤ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ የእነሱ ቤት ይተነፍስ ነበር። የሣር ክዳኑ፣ የጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ፣ የማይገጥመው በር፣ ሁሉም ጭስ ማውጫ ነበር። እኛ ብሎኬት ገንብተን፣ ሊሾ አድርገን፣ በኮርኒስ ሸፍነን፣ መስኮቱን በጎማ አሽገን፣ ያንኑ እሳት ይዘን ገባን። ቤቱ ተለወጠ፣ እሳቱ ግን ያው ነው።

የከሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። የጋዝ ማሞቂያ በሁሉም ቤት የለም፤ ከሰል ግን በየቤቱ አለ። በየክረምቱ "ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሕይወታቸው አለፈ" የሚል ዜና እንሰማለን፣ ከንፈር እንመጥጣለን፣ እንረሳለን። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ትልቁ ስህተት "ፍም ከሆነ ችግር የለውም" የሚለው ነው። ጭሱ ሲጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስለናል። የጠፋው የሚታየው ጭስ ነው። ፍሙ እስከ መጨረሻው መርዙን ይለቅቃል። ምድጃው አጠገብ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያድንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ የሚቀር ነገር አይደለም።

ዕውቀት ያለው ሰውም ይሞታል

"ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው" የምትሉ ካላችሁ፦

ፈረንሳዊው ታላቅ ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1902 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ መኝታ ቤቱ የሞተው በተደፈነ የጭስ ማውጫ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ታዋቂ የቴኒስ ተጫዋች ቪታስ ጌሩላይቲስ በ1994 እ.ኤ.አ. በ40 ዓመቱ በእንግድነት በተኛበት ቤት ሞቶ ተገኘ፤ ምክንያቱ በትክክል ካልተገጠመ የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ የወጣ ጭስ ነበር። የጆርጂያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዙራብ ዥቫኒያ በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ አፓርታማ ውስጥ ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው ባይቀበሉትም፣ የመንግሥት ምርመራ የሰጠው ምክንያት የጋዝ ማሞቂያ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ቴክሳስን ያን ከባድ ብርድ በመታው ጊዜ የሆነው ነው። ሂውስተን ውስጥ መብራት ሲጠፋ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ለመሞቅ ከቤቱ ጋር የተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሳ። እናትና ትንሽ ልጇ አረፉ። ከሰል አልነበረም፣ ምድጃ አልነበረም። መውጫ ያጣ የመኪና ጭስ ነበር። ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ወይም ከመስኮት ሥር የምታስነሱ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል።

ታዲያ የእኔ ሐሳብ ምንድን ነው?

"ከሰል ቤት አታስገቡ፣ ጋዝ አትጠቀሙ" ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ጎበሳ ላይ በሐምሌ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ሳለ ይህን ምክር የሚሰማ ወላጅ የለም። ብርድ የመታው ሰው እሳት ይፈልጋል። እኔ የምለው፣ እሳቱ ከገባ ጭሱ ይውጣ ነው። ኃላፊነቱንም ሁልጊዜ ታፍኖ የተገኘው ሰው ላይ አንጣል። እዚያ ፔንሲዮን ውስጥ ያረፈችው እናት ልጇን በሙቅ ውሃ ከማጠብ በቀር ምን አጠፋች? ኮርኒሱን ቀድዳ ቱቦው የት እንደሚያልቅ ማየት ነበረባት?

ስለዚህ ባለሆቴሎች፣ ባለፔንሲዮኖች፣ አከራዮች፦ ጭስ ማውጫው የማሞቂያው ግማሽ አካል ነው። ማሞቂያውን ገዝቶ ቱቦውን መተው መኪና ገዝቶ ፍሬኑን መተው ነው። ገጣሚዎች፦ ቱቦው ውጭ ሳይወጣ ሥራው አላለቀም፤ ሂሳብም አትቀበሉ። ፈቃድ የሚሰጡና ሆቴል የሚፈትሹ አካላት ደግሞ አንሶላና ሽንት ቤት ሲያዩ ቀና ብለው የጭስ ቱቦውም የት እንደሚያልቅ ይዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማሞቂያ ላላችሁ ወይም ልትገጥሙ ላሰባችሁ

1. ከሁሉ የሚሻለው ማሞቂያውን ከሻወርና ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ ክፍት አየር ባለበት የውጭ ግድግዳ ላይ ከዝናብ ከልሎ መስቀል ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ውሃው ብቻ ይሁን።

2. ውስጥ ከሆነ ቱቦው ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ አይሆንም። እስከ ውጭ ድረስ ሽቅብ ይሂድ፤ በጣም አይጠማዘዝ፤ መጋጠሚያዎቹ ይጠበቁ። ኮርኒስ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ ወይም መስኮት ሥር አያልቅ።

3. ጫፉ ላይ ዝናብና ወፍ የሚከለክል ቆብ ይኑረው። የወፍ ጎጆ የዘጋው ቱቦ እንደሌለ ይቆጠራል።

4. ለክፍሉ ከታችም ከላይም የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይተውለት። "ብርድ ያስገባል" ብላችሁ በጨርቅ አትወትፉት።

5. አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ያለበት ክፍል ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ካለ ተጠንቀቁ። ፋኑ ጭሱን ከቱቦው መልሶ ሊጎትተው ይችላል።

6. በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ አስፈትሹ፤ ለከፍታው መስተካከሉንም ጠይቁ።

ቀላል ሙከራ ልንገራችሁ። ጋዝ የማይሸት መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ማሞቂያውን ጥቂት ደቂቃ አሠሩትና የዕጣን ጭስ ከላይ በኩል ቱቦው የሚጀምርበት ክፍተት አጠገብ ያዙ። ጭሱ ወደ ቱቦው ከተሳበ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ወዲያው አጥፉና ክፍሉን አናፍሱ። ምልክት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ባለሙያን አይተካም።

ሌላ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከጭስ ጠቋሚው ይለያል፤ ስትገዙ ስሙን አይታችሁ ግዙ። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ለበዓል ስትመጡ ከሽቶና ከጫማ ጋር እሱን አንድ ጣል አድርጉ። ግን መሣሪያው ጠባቂ እንጂ ጭስ ማውጫ አይደለም።

ከሰል የምትጠቀሙ፦ ደጅ ላይ አቀጣጥሉ፤ ካስገባችሁም በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ነቅታችሁ እያላችሁ ብቻ ይሁን። መኝታ ሲደርስ ምድጃው ደጅ ይደር። ለሌሊቱ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጎማ ወይም በደንብ የተከደነ ላስቲክ ኮዳ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ውስጥ ማስገባት ይረዳል።

አደጋው ከደረሰ

ምልክቶቹ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ የጉልበት መድከም፣ መዘባረቅ፣ ራስን መሳት። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁላችሁንም አንድ ላይ ካመማችሁ፣ ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ፣ ሌላ ነገር አትጠርጥሩ።

• መጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ። ለማዳን የገባ ሰው አብሮ እንዳይወድቅ፣ ውስጥ አትቆዩ።
• የማይተነፍስ ከሆነና ካወቃችሁበት ደረቱን እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ። የሚተነፍስ ግን ያልነቃ ከሆነ በጎኑ አስተኙት።
• ወተት፣ ሎሚ፣ ውሃ ምንም አታጠጡ። ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው።
• ቢሻለውም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። "ጭስ ነበር፣ ሁላችንንም አሞናል" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ይህች ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች፤ ያለ እሷ ሐኪሙም ሊሳሳት ይችላል።
• ነፍሰ ጡር ከሆነች በፍጹም አትዘግዩ። ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።
• ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ ወይም የአካሄድ ለውጥ ካያችሁ ተመለሱ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።

ጋሼን በመጨረሻ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ያን ዕለት ጠዋት ሲሊንደሩን ዘግተው ሻወሩን ቆለፉ። "ዶክተር፣ እንግዳ ይሸሸኛል" ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ እንጀራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ያቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?" አሉኝ። "ሦስት" አልኳቸው። ሌላ ምንም አልተናገሩም። በሳምንቱ ፎቶ ላኩልኝ፤ ማሞቂያው ከጓሮ በኩል ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ከላዩ የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶለት ተሰቅሏል።

አሁን እናንተ ስልኩን አስቀምጡና ተነሱ። ቤታችሁ ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ ጭሱ በየት እንደሚወጣ በጣታችሁ አሳዩ። ማሳየት ካልቻላችሁ፣ የሚወጣበት የለውም ማለት ነው።

ደጋ አካባቢ ላሉ ዘመዶቻችሁ፣ ፔንሲዮንና የሚከራይ ቤት ላላቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!